ፕሪሚየር ሲወጣ ለምን እንናደዳለን?

ይሄ አራት ኪሎ አንድ አዳራሽ ውስጥ የተከታታይ ፊልም ወዳጆች ተሰብስበን ያወራሁት ነው። የተቀዳውን እየሰማሁ ነው የጻፍኩት፣ የተደጋገመውን ቀንሻለሁ፣ የቀረውን እንዳለ ትቼዋለሁ፣ አረፍተ ነገሩ ከረዘመባችሁ እንደዛ ስለማወራ ነው።

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ማይኩ ይጮሃል፣ ትንሽ ራቅ አድርጌ ልያዘው። እሺ።

የተሰጠኝ ርዕስ የሱፐርሂሮ ሲሪስ አዲስ ሲዝን ሲጀምር ፋኑ ለምን እንደዛ ይሆናል የሚል ነው። እንደዛ ማለት እንዴት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ክፍል 1 ይወጣል፣ ሰው ገና አይቶ ሳይጨርስ የቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ አንዱ “አለቀለት ይሄ ሾው” ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው “እስከዛሬ ከወጡት አንደኛ” ይላል፣ ሦስተኛው ተነስቶ ሁለቱንም ይሰድባል፣ ከሰዓት ላይ አድሚኑ ይሰለቸውና ግሩፑን ይቆልፈዋል፣ ማታ ሲከፍተው ደግሞ ሁሉም ምንም እንዳልተፈጠረ ስለሚቀጥለው ሳምንት ያወራል። ይሄን ስንት ዓመት አየሁት፣ እኔም ከተሳዳቢዎቹ አንዱ ነበርኩ፣ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተውኩም።

የምለው ነገር አንድ ነው፣ ቀድሜ ልንገራችሁና የቀረውን ሰዓት በምሳሌ እንሙላው። ፕሪሚየር ቀን፣ የሲዝኑ ክፍል 1 የሚወጣበት ቀን ማለት ነው፣ ሰው የሚፈርደው ባየው ክፍል ላይ አይደለም። ሲጠብቅ የከረመ ሌላ ክፍል አለ፣ ራሱ ጭንቅላቱ ውስጥ ጽፎ ዳይሬክት ያደረገው፣ የወጣውን የሚለካው በዛኛው ነው። 55 ቀን ጾሞ ሌሊት ሌሊት ስለ ዶሮው እያሰበ የከረመ ሰው የፋሲካ ለት ወጡ ጨው ቢያንሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ አይደል፣ ያቺው ወጥ በአዘቦት ቀን ብትቀርብለት ጣቱን ይልስ ነበር።

ወደ ፊልሞቹ ከመሄዴ በፊት ሰዓቱን ላንሳ፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ላይ ፕሪሚየር የሚባለው ነገር በአንድ ቀን አያልቅም። ዘ ፍላሽ የሚባለው የሱፐርሂሮ ሲሪስ፣ ሲደብሊው በሚባለው የአሜሪካ ጣቢያ ላይ አብዛኛውን ዕድሜውን ማክሰኞ ማታ ነበር የሚታየው፣ ኒው ዮርክ በነሱ አቆጣጠር ማታ 8 ሰዓት ሲሆን እዚህ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፣ እነሱ ኖቬምበር ላይ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ 10 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያየው እንቅልፍ የሌለው ሰው ነው፣ የሌሊት ተረኛ፣ ፈተና ያለበት ተማሪ፣ ወይም ደግሞ አላርም ሞልቶ የሚነሳ የለየለት ፋን። ከዛ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የቢሮ ዋይፋይ ያለው ሰው ቴሌግራም ላይ ያገኘውን ፋይል ያወርዳል፣ ኤክሴል ከፍቶ ከኋላው ዳውንሎድ እየሄደ። ከዛ ማታ ላይ ዳታ ገዝቶ በ480፣ ጥራቱ ዝቅ ባለው፣ የሚያየው አለ። ከዛ ቅዳሜ ላይ ፍላሽ ዲስክ ይዞ ፊልም ቤት የሚሄደው። መጨረሻ ላይ፣ ሳምንትም ይሁን ወር ቆይቶ፣ በአማርኛ የተተረከውን የሚያየው። (ሕጋዊ ነው አላልኩም፣ ኔትፍሊክስ ወደ እኛ አገር የገባው በፈረንጆቹ ጥር 2016 ነው፣ ግን በዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው ገባ አልገባ ምን ያደርግለታል፣ ይሄ የራሱ ቀን የሚፈልግ ወሬ ነው።)

እና እነዚህ ሰዎች ሁሉም “ሪአክሽን” አላቸው፣ ግን ሪአክሽናቸው አንድ አይደለም፣ እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ያየው ሰው ነው በጣም የሚናደደው። ቅዳሜ በፍላሽ ያስጫነው ሰው ረጋ ያለ ነው። ፋይሉ ያው ፋይል ነው።

ስለ ፊልም ቤት ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፒያሳ አሁን እንደምታዩት ከመሆኑ በፊት የማዘወትረው አንድ ቤት ነበር፣ በሩን በፖስተር ሸፍኖት ውስጥ ቀን በቀን መብራት የሚበራ፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ልጅ። ፍላሽህን ሲሰካው ቀድሞ የሚያየው ፊልሙን አይደለም፣ ቫይረሱን ነው፣ “ወንድሜ ይሄ ነገር ታሟል፣ ፎርማት ላድርገው?” ይልሃል፣ አንተ ደግሞ ውስጡ የእህትህ የምርቃት ፎቶ አለ፣ “ኧረ ቆይ ቆይ” ትላለህ። ከዛ ፎልደሮቹ፣ “ኮሪያ”፣ “ህንድ”፣ “አክሽን”፣ “ሲሪስ አዲስ”። ሲሪስ አዲስ ውስጥ ያለው ፋይል ስሙን ማን እንደቀየረው አይታወቅም። አንዱ ጓደኛዬ የሱፐርሂሮ ሲሪስ የሲዝን መጀመሪያ ብሎ አስጭኖ ቤቱ ሄዶ አየ፣ በነጋታው አገኘሁት፣ “አቦ ዘንድሮ አጀማመራቸው ሌላ ነው፣ ምንም ሳያብራሩ መሀል ነገር ውስጥ ነው የሚከቱህ፣ ድፍረቱ!” እያለ ያደንቃል። ለካ የተጫነለት ከሲዝኑ መሀል አንዱ ክፍል ነው። ስቀን ሞትን። ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም፣ ልጁ ትሬይለር አላየም፣ ቲዎሪ አላነበበም፣ አምስት ወር ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፣ የቀረበለትን ነው ያየው፣ ወደደውም።

አሁን ወደ ትልቁ ምሳሌዬ። ፍላሽ ሲዝን 3። እዚህ ውስጥ ያየ እጁን ያውጣ እስቲ… ብዙ ናችሁ። ላላያችሁት፣ ሲዝን 2 ሲያልቅ፣ በፈረንጆቹ ግንቦት 24 ቀን 2016 ማለት ነው፣ ባሪ አለን፣ ፍላሽ የሚባለው በጣም ፈጣኑ ሯጭ፣ አባቱ ዓይኑ እያየ ተገድለውበታል፣ ጠላቱን አሸንፎ ሁሉም ተረጋጋ ስትል ልጁ ተነስቶ ይሮጣል፣ ወደ ኋላ በጊዜ ሄዶ ሕፃን እያለ የተገደለችውን እናቱን ያድናታል። በቃ፣ ጥቁር። አለቀ። ኮሚኩን፣ ታሪኩ የመጣበትን የሥዕል መጽሔት፣ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ጮኸ፣ ምክንያቱም ፍላሽፖይንት የሚባለው ነው፣ ዲሲ የሚባለው የኮሚክ አሳታሚ በፈረንጆቹ 2011 ያወጣው፣ ባሪ እናቱን በማዳኑ ዓለም ተገለባብጦ ጦርነት ውስጥ የሚገባበት፣ ከሱ በኋላ ዲሲ የኮሚኮቹን ታሪክ በሙሉ ከዜሮ የጀመረበት። እንዲህ ያለ ነገር ነው ቃል የተገባልን። ሐምሌ ላይ ሳን ዲዬጎ ኮሚክ-ኮን የሚባለው የፋኖች ጉባኤ ላይ ትሬይለሩ ወጣ፣ የባሪ ፍቅረኛ የአይሪስ ወንድም ዋሊ ቢጫ ልብስ ለብሶ ይሮጣል፣ የባሪ ጓደኛ ሲስኮ ቢሊየነር ሆኗል፣ ኧረ አበድን። አራት ወር ከምናምን፣ ክረምቱን በሙሉ፣ ሲዝኑ እንዳለ በዛኛው ዓለም ውስጥ ነው የሚሆነው ብለን ተከራከርን። ማን እንዳለን እንጃ፣ ማንም አላለንም።

መስከረም 24 ቀን 2009 ማታ በነሱ፣ በእኛ 25 ሊነጋ ሲል፣ ክፍል 1 ወጣ። ርዕሱ ራሱ ፍላሽፖይንት። ባሪ ከእናት ከአባቱ ጋር ሦስት ወር በደስታ ኖሯል፣ ኢዮባርድ ቶን የሚባለውን እናቱን የገደለውን ሰውዬ መጋዘን ውስጥ በመስታወት ቤት ቆልፎበታል፣ እየሄደም ምግብ ያቀብለዋል። ባሪን ያሳደገው የአይሪስ አባት ጆ ጠጪ ሆኗል። የሥራ ባልደረባው ኬትሊን የሕፃናት የዓይን ሐኪም ናት። ዋሊ የከተማው ሯጭ ነው። ከዛ ባሪ ትዝታው እየጠፋበት ይመጣል፣ የድሮ ሕይወቱን መርሳት ይጀምራል፣ በመጨረሻም ሄዶ ያንን የቆለፈበትን ሰው ይፈታውና እናቱን እንደገና እንዲገድላት ራሱ ይለምነዋል። ይመለሳል። ክፍል 1 አለቀ፣ ፍላሽፖይንትም አለቀ። በአርባ ምናምን ደቂቃ!

የዛን ሳምንት የነበረውን ልቅሶ የሚያስታውስ ያስታውሳል። “አራት ወር ያስጠበቃችሁን ለዚህ ነው?” ነው ሁሉም። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ያው ነው፣ ክፍሉ መጥፎ ነው ያለ ሰው ግን እምብዛም አልነበረም፣ አጠረ ነው ያለው። አሁን ቁጭ ብላችሁ ያንን ክፍል ድጋሚ እዩት። ልጁ እናቱን ለማሳጣት ገዳይዋን የሚለምንበት ቦታ፣ ባሪን የሚጫወተው ግራንት ገስቲን ፊቱ ላይ ያለው ነገር፣ እኔ ከዘጠኙ ሲዝን ውስጥ ከምወዳቸው ትዕይንቶች አንዱ እሱ ነው። ደግሞ ውጤቱ አልቀረም፣ ሲዝኑን ሙሉ ተከተለው፣ ሲመለስ አይሪስና አባቷ ተኮራርፈው ነው የሚያገኛቸው፣ የሲስኮ ወንድም ሞቷል፣ እንዲያውም አሮው በሚባለው ሌላ ሲሪስ ላይ ያለው ዲግል፣ ሴት ልጁ ወንድ ልጅ ሆና ቀረች፣ ሰውዬው ራሱ አያውቅም፣ ይሄ አሁን ሲታሰብ ምን ያህል አስፈሪ ነገር ነው። ያኔ ግን ማን አይቶት፣ ሁላችንም በአእምሯችን የሠራነውን 23 ክፍል ፍላሽፖይንት ቀብረን ከለቅሶ እየተመለስን ነበር።

አንድ ነገር ግን ለተናዳጁም ልቁምለት፣ ትሬይለር የሚሠራው ሰው ያንን ጥበቃ ሆን ብሎ ነው የሚያሳብጠው። የአንድ ክፍል ነገር ወስደህ የሲዝን ማስታወቂያ ካደረግከው ሰው ሲዝን ቢጠብቅ ጥፋቱ የማን ነው? ስለዚህ “ፋን መርዛም ነው” የሚለው ወሬ ግማሹ የገበያተኞቹ ማምለጫ ነው ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ምሳሌ የባሰ ነው። ዘ ቦይስ። የመጀመሪያው ሲዝን ሐምሌ 2019 በፈረንጆቹ ሲወጣ አማዞን ስምንቱንም ክፍል በአንዴ ነው የለቀቀው፣ አርብ ጀምረህ እሁድ ሆምላንደርን፣ ክፉውን ሱፐርሂሮ፣ ጠልተህ ትጨርሳለህ። ሁለተኛው ሲዝን ነሐሴ 29 ቀን 2012 በእኛ ወጣ፣ ኮሮና ነው፣ ሰው ቤቱ ተቀምጧል፣ ማየት ብቻ ነው ያለው። ሦስት ክፍል ብቻ ለቀቁ። የቀረው በየሳምንቱ አንድ። ምን ተደረገ መሰላችሁ፣ ሰው አማዞን ላይ ገብቶ አንድ ኮከብ አንድ ኮከብ እያለ አወረደው። ኮሜንቶቹን ስታነቡ ስለ ታሪኩ፣ ስለ ትወናው ምንም የለም፣ “ሾው ግሩም ነው፣ ለምንድን ነው በየሳምንቱ የምታደርጉት” ዓይነት ነው። ዋናው አዘጋጅ ኤሪክ ክሪፕኪ ወጥቶ ይሄ የአማዞን ስግብግብነት አይደለም፣ እኛ አዘጋጆቹ የመረጥነው ነው፣ ሰው ቆም እያለ እንዲያወራበት ፈልገን ነው የሚል መልስ እስከመስጠት ደረሰ።

እዚህ ጋ በጣም ግልጽ ነው አይደል? ጥበቃው ራሱ ነው አንድ ኮከብ የተሰጠው። ክፍሉ ምንም አላደረገም።

በነገራችን ላይ ክፍል 4 የወጣው እንቁጣጣሽ ለት ነው፣ መስከረም 1 ቀን 2013፣ አርብ። አክስቴ ቤት ተሰብስበን ቡና ተፈልቶ ፈንዲሻ ተረጭቶ፣ እኛ ወጣቶቹ ምክንያት እየፈለግን አንድ በአንድ ወደ ጓዳ እንጠፋለን፣ አክስቴ መጨረሻ ላይ “እናንተ ልጆች ምን ገብቶባችሁ ነው?” ብላ መጣች፣ ስልኩ ላይ ደግሞ ዘ ቦይስ ነው፣ የዘ ቦይስን ትዕይንት ለአክስት አታሳይም። እና እውነቱን ለመናገር በየሳምንቱ መሆኑ ጠቅሞናል፣ ያንን አምስት ሳምንት ያወራነውን ያህል የመጀመሪያውን ሲዝን አላወራነውም። ከዛ በኋላ ሲዝን 3ም ሲዝን 4ም በዛው መንገድ ሦስት ሦስት ክፍል ለቀው በየሳምንቱ ቀጠሉ፣ የመጀመሪያውን ያህል የጮኸ የለም። ለምዶት ነዋ፣ አሁን ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል።

ሳይታይ የሚፈረደውን በአጭሩ ልለፈው፣ ደስ አይልም። ሮተን ቶሜቶስ የሚባለው ለፊልም ነጥብ የሚሰጥበት ድረ ገጽ በፈረንጆቹ 2019 መጀመሪያ ላይ ፊልም ሳይወጣ ተመልካች ኮሜንት የሚጽፍበትን ዘጋው፣ ሰው ያላየውን ፊልም እየሰደበ ስላስቸገረ። ሺ-ሃልክ የምትባለው የሴት ሱፐርሂሮ ሲሪስ በ2022 ስትወጣ ደግሞ ጸሐፊዎቹ ስድቡ እንደሚመጣ ቀድመው ስላወቁት ክፍል 3 ውስጥ ራሱ አስገቡት፣ ሴት ሃልክ ምን ታደርግልናለች የሚሉ ፖስቶች በስክሪኑ ላይ ይታያሉ፣ ያ የተቀረጸው ሾው ከመውጣቱ በፊት ነው፣ ሲወጣ ደግሞ በትክክል ያው ተጻፈ። ይሄ ላይ ጥበቃ ምናምን ብዬ አላስተባብልም፣ ጥላቻ ነው፣ ጨርሰናል።

አሁን የምነግራችሁ ግን ለኔ ሐሳብ ትልቁ ማስረጃ ነው፣ ሌላ አገር ያለ ፋን ሊያወራው የማይችለው። ፍላሽ ሲዝን 9፣ የመጨረሻው ሲዝን፣ ክፍል 1 አሜሪካ የታየው ረቡዕ የካቲት 1 ቀን 2015 ማታ ነው፣ እዚህ ሐሙስ የካቲት 2 ሊነጋጋ ሲል። ሐሙስ የካቲት 2 ምን ቀን እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ የተዘጋበት ቀን ነው፣ እስከ ሐምሌ ድረስ። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን፣ ያኔ ከተማው የሚያስብበት ሌላ ከባድ ነገር ነበረው፣ ፍላሽ ማን ትዝ ብሎት። ግን ቀኑ ሲያልፍ፣ ቪፒኤን ያለው ሰው ግሩፕ ውስጥ ሲገባ ባዶ ቤት ነው፣ ሁለት ሦስት ሰው “አለህ?” “አለሁ” ይባባላል። ስምንት ዓመት ከምናምን የጠበቅነው የመጨረሻ ሲዝን ጀምሮ አንድም ሰው አልተሳደበም!

ደግሞ ግጥምጥሞሹን እዩት፣ ክፍሉ ባሪና አይሪስ አንድ ረቡዕ ቀን ላይ ተይዘው ያንኑ ቀን ደጋግመው የሚኖሩበት ነው። ጠዋት ይነሳሉ፣ ያው ቀን። እኛም ጠዋት እንነሳለን፣ ቴሌግራም እንከፍታለን፣ ኮኔክቲንግ ይላል፣ ይሽከረከራል፣ ያው ቀን።

እና ምን ሆነ፣ ወሬው ወደ ሰው አፍ ተመለሰ። ከቀናት በኋላ ፒያሳ ቶሞካ ቆመን ማኪያቶ እየጠጣን ከማውቃቸው ልጆች ጋር ስለዛ ክፍል አወራን። አንዱ ከመሬት ተነስቶ የሚሳደብ ልጅ ነው፣ ግሩፕ ውስጥ ስሙን ካየሁ ሳላነብ የማልፈው። ፊት ለፊት ቆሞ ምን ይላል፣ “ቀላል ነገር ነው፣ ግን ሁለቱን አብረው እንዲህ ዘና ብለው ካየኋቸው ቆይቷል፣ ደስ አለኝ።” እኔ ደነገጥኩ። ይሄ ሰው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ስልኩ ቢሠራለት ኖሮ “ለመጨረሻ ሲዝን ይሄ ነው መክፈቻው? ቀልድ ነው?” ብሎ እንደሚጽፍ እርግጠኛ ነኝ። ጥቂት ቀን አለፈ፣ የጠበቀው ነገር ሟሟ፣ የቀረው ክፍሉ ነው። እገዳውን እያመሰገንኩ አይደለም፣ እንዳትጠቅሱኝ፣ ብዙ ሰው እንጀራው ነው የተዘጋበት። ያየሁትን ነው የነገርኳችሁ።

ዴርዴቪል ላይ ልቆይ ነው፣ ከደከማችሁ ውኃ ጠጡ።

ዴርዴቪል ኔትፍሊክስ ላይ ሦስተኛው ሲዝን በጥቅምት 2018 በፈረንጆቹ ወጣ፣ በወሩ ተሰረዘ። ከዛ ስድስት ዓመት። ዲዝኒ እንደገና ሊሠራው ነው ሲባል ሰው ደስ ብሎት ሳያበቃ ፎጊና ካረን የሉበትም ተባለ። የማት መርዶክ፣ የዴርዴቪል የራሱ፣ ጓደኞች ማለት ነው፣ የሾው ልቡ እነሱ ናቸው። ፋኑ አጉረመረመ፣ እነሱ ከሌሉ ምኑን ዴርዴቪል ሆነ አለ። በ2023 በሆሊውድ አድማ ሥራው ቆሞ እያለ የተቀረጸውን አይተው አልጣማቸውም መሰለኝ ዋና ጸሐፊዎቹን አሰናብተው አዲስ አዘጋጅ አመጡ፣ የመጀመሪያውን ክፍል እንደ አዲስ ሠሩት፣ ፎጊና ካረንም ተመለሱ። ተመልካቹ የጠየቀውን አገኘ፣ እልል።

የካቲት 26 ቀን 2017፣ ረቡዕ፣ በእኛ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተለቀቀ። የሁዳዴ ጾም ነው፣ ረመዳንም ገብቷል። ስለዚህ ግሩፓችን ውስጥ መጀመሪያ ያየው ለሱሑር ተነስቶ የነበረ ልጅ ነው፣ በልቶ፣ ሰግዶ፣ ከዛ ስልኩን ከፈተ። ክፍሉ በጀመረ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ውስጥ ፎጊ ኔልሰን ይገደላል። የሚጠጡበት ቤት በር ላይ፣ ቡልስአይ የሚባለው የድሮ ጠላታቸው ተኩሶ። መለሱት፣ ገደሉት!

ልጁ ምን ቢጽፍ ጥሩ ነው፣ ስፖይለር እንዳይሆን፣ ላላየ ሰው ታሪኩን እንዳያወጣበት፣ ተጠንቅቆ እኮ ነው፣ “ነፍስ ይማር” ብቻ ብሎ ጻፈ። ከዛ ስልኩን አስቀምጦ ተኛ። እኛ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነስተን ስናይ “ነፍስ ይማር”፣ ልጁ ስልክ አያነሳም። ማን ነው የሞተው? አንዷ የግሩፑ ልጅ የልጁን ወንድም ደወለችለት፣ ወንድሙ ደነገጠ፣ እናታቸው ደነገጡ፣ “ማን ሞተ?” ቤቱ ታመሰ፣ ልጁን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ሲጠይቁት “ፎጊ” አለ። እናትየው “ፎጊ የማን ልጅ ነው?” ብለው ጠየቁ ይባላል፣ እዚህ ጋ ትንሽ የተጨመረበት ይመስለኛል።

ከሳቁ በኋላ ግን ግሩፑ ውስጥ የነበረው ንዴት የምር ነበር። ስድስት ዓመት ሦስቱን አብረው ለማየት የጠበቀ ሰው ሩብ ሰዓት ሰጡት። እና እኔ እዚህ ላይ ከተናዳጆቹ ጋር ነኝ፣ ግማሽ በግማሽ። ክፍሉ እንደ ክፍል ጎበዝ ነው፣ ያ ፍልሚያ ሳይቆራረጥ ደረጃውን እየወጣ እስከ ጣሪያ ሲሄድ፣ ማት የጓደኛውን የልብ ምት እየሰማ ሲቆም፣ እዛ ቦታ ላይ የማያለቅስ ሰው ድንጋይ ነው። የጓደኛ ሞት ደግሞ ለሲዝኑ በሙሉ ምክንያት ይሆናል፣ ያስኬዳል። ግን አዘጋጆቹ የሚያውቁት ነገር አለ፣ እኛ በጥበቃችን ነው ያንን ሞት እንዲህ ያከበድነው፣ እነሱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ያንን ክብደት ሊሠሩት አይችሉም ነበር። የኛን ስድስት ዓመት ወስደው ተጠቀሙበት። አንዳንዴ ጥበቃው ሾውን ይጎዳዋል እንደ ፍላሽፖይንት፣ አንዳንዴ ደግሞ ሾው ከጥበቃው ላይ ይበላል። ፎጊን ከዚህ በፊት የማያውቅ ሰው ያንን ክፍል አይቶ “አንድ ጠበቃ ሞተ” ነው የሚለው።

ስለ ትርጉም ፊልም ተመልካቾች አንድ ሁለት ቃል ልበልና ወደ ጥያቄ እንሂድ። እኛ ሰብታይትል የምናነብ ሰዎች ትንሽ እንንቃቸዋለን፣ ዋሽቼ ነው? ተራኪው ሦስት ሰው በአንድ ድምፅ ያወራል፣ የራሱን ቀልድ ይጨምራል፣ ጀግናው ሲመታ “አይይ ምነው ወንድሜ” ይላል። ግን ሪአክሽን የምትፈልጉ ከሆነ እዛ ሂዱ። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ተከፍቶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከፊቴ የተቀመጡ እናት ጀግናው በር ሊከፍት ሲል “አትግባ፣ አትግባ፣ አለ እኮ ውስጥ!” ይላሉ፣ ረዳቱ ሂሳብ መሰብሰቡን ትቶ ቆሟል። የስንተኛው ሲዝን ስንተኛ ክፍል እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ማንም ጠብቆት አያውቅም፣ ሁሉም ያየው ላይ ነው የሚጮኸው።

ጥያቄ ካለ።

አንድ አባት ከፊት እጃቸውን አወጡ፣ “ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ በልብወለድ ሰው የሚጣላው ሥራ የለውም?” አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ጋሼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ልጠይቅዎት፣ የሚከታተሉት የእሁድ ድራማ ላይ አንዱ ተዋናይ በሌላ ሰው ሲቀየር ምን ተሰማዎት አልኳቸው። “እሱማ ብልግና ነው፣ ጣቢያው ድረስ ደውያለሁ” አሉ። እኔ ሌላ መልስ አልነበረኝም፣ እሳቸውም ስቀው ተቀመጡ።

አንዷ ልጅ ደግሞ ስፖይለር እስከ ስንት ቀን ነው ነውር የሚሆነው ብላ ጠየቀች። እኛ ግሩፕ ውስጥ ያለው ሕግ እስከሚቀጥለው ክፍል ድረስ ነው፣ የሲዝን መጀመሪያ ከሆነ ደግሞ እስከ እሁድ ማታ፣ ምክንያቱም ቅዳሜ የሚያስጭኑት ሰዎች እሁድ ነው የሚያዩት። በርዕስ ላይ፣ በፕሮፋይል ፎቶ ላይ፣ በስቲከር ማድረግም ክልክል ነው። “ነፍስ ይማር” ማለትም ከዛ ቀን በኋላ ተከልክሏል፣ የእውነት ሰው ከሞተ በስልክ ነው የምንነጋገረው።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኋላ ነው የመጣው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይመስለኛል፣ “እኔ ዳታ ስለሚያልቅብኝ ሁሌም በ480 ነው የማየው፣ ባለ 4ኬዎቹ ያንተ አስተያየት አይቆጠርም ይሉኛል፣ ይቆጠራል?” አለ። ይቆጠራል ወንድሜ፣ በደንብ ይቆጠራል፣ ታሪኩ ያው ነው፣ ሰውዬው በ480ም በ4ኬም ይሞታል። አንድ ነገር ብቻ፣ ዴርዴቪል ሌሊት ነው የሚደባደበው፣ ኮሪደር ውስጥ፣ መብራት ጠፍቶ፣ አንተ ጋ የሚደርሰው 150 ሜጋ የተጨመቀ ፋይል ነው፣ ስለዚህ “ምስሉ ጨለማ ነው፣ ማን ማንን እንደመታ አይታወቅም” ብለህ አንድ ኮከብ አትስጥ።